የእድራችን 312 ደብዳቤ፦ ሜይል መርጅ ላይ የገጠመኝና እንዴት እንደፈታሁት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ትንሽ የኮምፒውተር ጽህፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ስራው ያው ማመልከቻ መፃፍ፣ ሲቪ ማስተካከል፣ መታወቂያ ኮፒ ማድረግ ነው፣ ሜይል መርጅ የሚባለውን ለሰርግ ጥሪ ካርድ ሁለት ሶስቴ ሰርቼበታለሁ እንጂ ብርና ቀን ያለበት ነገር ላይ ሞክሬው አላውቅም ነበር። ባለፈው ሰኔ ሐሙስ ከሰአት የእድራችን ሰብሳቢ ጋሼና ገንዘብ ያዧ እትዬ ፍላሽ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ እሁድ ጠቅላላ ጉባኤ አለን፣ ለእያንዳንዱ አባል ያለበት ውዝፍ፣ ቅጣቱና ለመጨረሻ ጊዜ የከፈለበት ቀን ተፅፎ በስሙ በፖስታ እንዲሰጠው ተወስኗል፣ ትደርሺልናለሽ?» አሉኝ። አባሉ 312 ነው። እሺ አልኩ።

ይሄን የምፅፈው እንደኔ ሚቸገር ሰው ስለሚኖር ነው። እኔ ሐሙስ ማታ ስፈልግ ያገኘሁት ሁሉ በፈረንጅ ቀንና በፈረንጅ ስም የተሰራ ነው፣ የኛን ቀን፣ የኛን ፊደል፣ ሀ እና ሐ የሚያመጣውን ጣጣ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ደሞ የእድር ደብዳቤ ቀልድ አይደለም፣ እዚ ሰፈር ሁሉም በእጣ ከየቦታው መጥቶ ነው ጎረቤት የሆነው፣ ገና እየተዋወቅን ነው፣ እድሩ ነው ሀዘን ሲደርስ ድንኳን ተክሎ አብሮ የሚያድረው፣ ሶስት መቶ ብር ያለበትን ሰው ሶስት ሺህ አለብህ ብሎ በስሙ ደብዳቤ መስጠት ማለት ሰው ማጣላት ነው። ስለዚ አንድም ደብዳቤ እንዲሳሳት አልፈለኩም።

ለማታውቁት፣ ሜይል መርጅ ማለት ደብዳቤውን አንዴ ዎርድ ላይ ትፅፉና ስም፣ ብር፣ ቀን የሚገባበት ቦታ ላይ ፊልድ ታስገባላችሁ፣ ከዛ ዎርድ ከኤክሴሉ ዝርዝር አንድ አንድ ሰው እያነሳ ለእያንዳንዱ የራሱን ደብዳቤ ያወጣል። ሜይሊንግስ ከሚለው ታብ ውስጥ ነው ሁሉም ነገር ያለው። ሲሰራ ግማሽ ሰአት አይፈጅም። እኔ ግን ከሐሙስ ማታ እስከ ቅዳሜ ሌሊት ነው የቆየሁበት።

የመጀመሪያው ችግር ቀላል ነበረ ግን አንድ ሰአት በልቶኛል። ፋይሎቹን ከፍላሹ ላይ ሳላወርድ ነው የጀመርኩት። መብራት ሄደና ላፕቶፑን ይዤ ቤት ገባሁ፣ ፍላሹን ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካሁት፣ ደብዳቤውን ስከፍት ዳታውን አላገኘሁም አለኝ። ዎርድ የኤክሴሉን ፋይል ሙሉ አድራሻ ነው የሚይዘው፣ ፍላሹ ትላንት ድራይቭ ኢ ሆኖ ዛሬ ድራይቭ ኤፍ ከሆነ ግንኙነቱ ተቆረጠ ማለት ነው። ፋይንድ ዳታ ሶርስ ብላችሁ ፋይሉን መልሳችሁ ብታሳዩት ይገናኛል፣ ግን በየጊዜው ከምትቸገሩ ሁለቱንም ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡና ቦታውንም ስሙንም አትቀይሩ። ደብዳቤውን ስትከፍቱ ደሞ ኤስኪውኤል ኮማንድ ይሰራል፣ ይቀጥል ወይ ብሎ የሚጠይቅ መልእክት ይመጣል፣ የራሳችሁ ፋይል ከሆነ የስ በሉት። እኔ ደንግጬ ኖ አልኩት፣ ደብዳቤው ከዝርዝሩ ጋር ተለያየ፣ ፊልዶቹ አሉ ግን ምንም አይሞሉም።

ከዛ ፕሪቪው ሳደርገው ብሩን አየሁት። ኤክሴል ላይ 1,250.50 ሆኖ አምሮ የተቀመጠው ደብዳቤው ላይ 1250.5 ሆኗል። አንዱ አባል ጋ ደሞ ብሶ 385.00000000000006 ይላል። ምን እንደሆነ አልገባኝም፣ ኤክሴሉን ስከፍተው 385.00 ነው የሚለው። ውዝፉ 350 ነው፣ ቅጣቱ አስር በመቶ ስለሆነ እትዬ 350 ን በ1.1 አባዝተው ነው ድምሩን ያወጡት።

እዚ ጋ የገባኝ ነገር የቀረውን ችግር ሁሉ የፈታልኝ ነው፣ ስለዚ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ዎርድ የሚያነበው ኤክሴል ላይ በአይናችሁ የምታዩትን አይደለም፣ ሴሉ ውስጥ የተቀመጠውን ነው። ኮማው፣ ሁለቱ ዲጂት፣ ብር የሚለው ምልክት፣ ፐርሰንቱ፣ ቀኑ የተፃፈበት ቅርፅ፣ ይሄ ሁሉ ኤክሴል ለአይን የሚያለብሰው ልብስ ነው፣ ዎርድ ጋ ሲሄድ ልብሱን አውልቆ ራቁቱን ነው የሚሄደው። ኮምፒውተር አስርዮሽን በራሱ 0 እና 1 ብቻ ባለው ቁጥር ስለሚያስቀምጥ 1.1 በትክክል አይቀመጥም፣ በጣም ትንሽ ትርፍ አለው፣ ኤክሴል ያንን ይደብቃል፣ ዎርድ ግን እንዳለ ያወጣዋል። አስራ አምስት በመቶም 0.15 ሆኖ ይመጣል፣ ልክ ነው፣ ውስጡ እንደዛ ነው።

መፍትሄው ሁለት ነው። አንደኛው ዎርድ ላይ ነው፣ አልት ይዛችሁ ኤፍ9 ስትጫኑ ፊልዶቹ በሙሉ ተገላልጠው በጠምዛዛ ቅንፍ ውስጥ መርጅፊልድ የሚል ፅሁፍና የኮለሙን ስም ታያላችሁ። ላፕቶፕ ከሆነ ኤፍኤን የምትለውን ቁልፍም አብራችሁ መጫን ሊኖርባችሁ ይችላል። ከኮለሙ ስም ቀጥሎ እዛው ቅንፉ ውስጥ \# #,##0.00 ብላችሁ ጨምሩ፣ ከዛ ፊልዱን መርጣችሁ ኤፍ9፣ እንደገና አልትና ኤፍ9 ተጭናችሁ ፕሪቪው ስታደርጉ 385.00 ሆኖ ይመጣል። ሰረዟ ወደኋላ የተጋደመችው ናት፣ ወደፊት የተጋደመችዋን ከፃፋችሁ አይሰራም። ጠምዛዛ ቅንፉን ደሞ በእጅ አትፃፉት፣ አዲስ ካስፈለጋችሁ ኮንትሮልና ኤፍ9 ነው የሚያወጣው፣ በእጅ የተፃፈ ቅንፍ ለዎርድ ተራ ፅሁፍ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ኤክሴል ላይ ሌላ ኮለም ከፍቶ ራውንድ በሚለው ፎርሙላ ቁጥሩን ሁለት ዲጂት ላይ ማስቆም፣ ከዛ ቴክስት በሚለው ፎርሙላ በዛው #,##0.00 ወደ ፅሁፍ መቀየርና ደብዳቤው ላይ አዲሱን ኮለም ማስገባት ነው። እኔ አሁን ይሄን ነው ምመርጠው። ምክንያቱም የመጣውን ነገር ኤክሴሉ ላይ አየዋለሁ፣ ደብዳቤውን ሌላ ሰው ቢነካካው እንኳን ብሩ አይበላሽም። ሳይራውንድ በቅርፅ ብቻ መደበቅ ደሞ ብዙ ቁጥር ሲደመር በሳንቲም ልዩነት ሊያመጣ ይችላል፣ የሰው ገንዘብ ነውና ራውንድ አድርጉት።

አንድ ጓደኛዬ ሌላ ዘዴ ነገረኝ። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ውስጥ ጀነራል ከሚለው ስር ፋይል ሲከፈት የፎርማት ለውጥ አረጋግጥ የሚል አለ፣ እሱን ምልክት ካደረጋችሁ ዎርድ ከኤክሴል ጋር በምን ልገናኝ ብሎ ይጠይቃችኋል፣ ዲዲኢ የሚለውን ከመረጣችሁ ቁጥሩን እንዳለበሳችሁት ያመጣዋል። እውነት ነው፣ ግን ኤክሴሉ ክፍት መሆን አለበት፣ የሚያነበውም የመጀመሪያውን ሺት ብቻ ነው፣ የእድሩ ፋይል ደሞ አራት ሺት ያለው ስለነበረ ተውኩት። ድሮ ዎርድ በዛ ነበር የሚገናኘው፣ ከዎርድ 2002 ወዲህ ነው ኦኤልኢ ዲቢ ወደሚባለው የተቀየረው።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ። እኔን አርብ ሙሉ ቀን ያስለፋኝ እሱ ነው፣ በኛ ቀን የምትሰሩ ሁሉ ሊደርስባችሁ የሚችልም እሱ ነው።

ዝርዝሩ ላይ «የመጨረሻ ክፍያ» የሚል ኮለም አለ፣ ቀኑ በኛ አቆጣጠር ቀን፣ ወር፣ አመት እየተባለ ነው የተሞላው፣ ለምሳሌ ጥቅምት 5 ቀን 2017 የከፈለ ሰው 05/02/2017 ተብሎ። ፕሪቪው ላይ የመጀመሪያዎቹን ሰዎች ሳያቸው ቀን አላቸው፣ ደስ አለኝ። ወደታች ስሄድ ግን ከአስር ሰው አምስት ስድስቱ ቀኑ ባዶ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የከፈሉበት ቀን ይልና ምንም የለም። ኤክሴሉ ላይ ስሄድ ግን ቀኑ ቁጭ ብሏል። ፊልዱን አጥፍቼ አስገባሁት፣ ደብዳቤውን ከአዲስ ጀመርኩት፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አደረኩት፣ ያው ነው።

ማታ ላይ ባዶ የመጡትን ሰዎች ቀን ወረቀት ላይ ፃፍኳቸው። 25/02፣ 18/03፣ 30/01፣ 14/04፣ 22/02። ከዛ የመጡትን ፃፍኩ። 05/02፣ 03/01፣ 11/03፣ 07/04። ትንሽ አፍጥጬ እንዳየሁት ገባኝ፣ ባዶ የመጡት በሙሉ ከ12 በላይ በሆነ ቀን የከፈሉ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኔ ኮምፒውተር ሪጅኑ፣ ማለትም ቀንና ቁጥር በየትኛው አገር ልማድ እንደሚነበብ የሚወስነው ሴቲንግ፣ አሜሪካ ላይ ነው የተደረገው፣ አብዛኛው ኮምፒውተር ሲገዛ እንደዛው ነው። አሜሪካ ወርን ነው የሚያስቀድመው። 05/02/2017 ብላችሁ ስትፅፉ ኤክሴል ጥቅምት 5 አይልም፣ ሜይ 2 ይልና እንደ ፈረንጅ ቀን ይመዘግበዋል። 25/02/2017 ስትሉት ግን ሀያ አምስተኛ ወር የሚባል ስለሌለ ቀን አይደለም ብሎ እንደ ተራ ፅሁፍ ይተወዋል። ስለዚ አንድ ኮለም ውስጥ ግማሹ ቀን ግማሹ ፅሁፍ ሆነ፣ ለአይን ግን ሁሉም አንድ አይነት ነው። ከዛ ዎርድ ሲመጣ ደሞ አንድን ኮለም ምን አይነት ነው ብሎ የሚወስነው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ረድፎች አይቶ ነው፣ ካልቀየራችሁት 8 ረድፍ ነው የሚያየው። የእድሩ ዝርዝር ላይ መጀመሪያ ያሉት የኮሚቴ አባላት ናቸው፣ እነሱ ደሞ ሁሌ ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነው የሚከፍሉት፣ ስለዚ ስምንቱም ከ12 በታች ናቸው፣ ኮለሙ በሙሉ ቀን ነው ተባለ፣ ከታች ያሉት ፅሁፍ የሆኑት ቀን ስላልሆኑ ተጣሉ። በሰአቱ የሚከፍሉ ሰዎች ከላይ መሆናቸው ነው ከታች ያሉትን ባዶ ያደረጋቸው።

ባዶ የሆኑት እንኳን ይታያሉ፣ ያስፈራኝ የመጡት ናቸው። እነሱ ልክ መስለው ነው የተቀመጡት፣ 5/2/2017 ይላል፣ ዜሮው ጠፋ እንጂ ትክክል ይመስላል። እኔ ደሞ ለማሳመር ብዬ የቀን ቅርፅ የሚሰጠውን \@ ጨምሬ ቀን፣ ወር፣ አመት በሚል ቅደም ተከተል እንዲያወጣው አዘዝኩት፣ ያኔ 02/05/2017 ብሎ አወጣው። ይሄ በኛ ጥር 2 ነው። ሰውየው የከፈለው ጥቅምት 5 ነው፣ ደብዳቤው ጥር 2 ከፈልክ ይለዋል ማለት ነው፣ ሶስት ወር የሚጠጋ ልዩነት። ይሄ ታትሞ ቢወጣ ኖሮ ማን ያምነን ነበር።

ጳጉሜ ደሞ የባሰ ነው። ጳጉሜ 3 ቀን 2016 ን 03/13/2016 ብላችሁ ብትፅፉ አስራ ሶስተኛ ወር የለም ይላል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ፣ ግን አሜሪካ ላይ ማርች 13 ነው፣ ዝም ብሎ ይቀበለዋል። ኮምፒውተራችሁ ቀንን የሚያስቀድም ሪጅን ላይ ከሆነ 05/02 ው ላይ ችግር አይታያችሁም፣ ግን ጥቅምት 30 ን 30/02 ስትሉት ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ፅሁፍ ይሆናል፣ በዛ መንገድ ያው ድብልቅ ይመጣል። እና ጠቅላላ መፍትሄው የኛን ቀን ኤክሴል እንደ ቀን እንዳያየው ማድረግ ነው። ገና ምንም ሳትሞሉ ኮለሙን መርጣችሁ ፎርማቱን ቴክስት አድርጉት፣ ከዛ ነው መሙላት፣ ወይም ከቀኑ በፊት አንዲት ነጠላ የጥቅስ ምልክት አስቀድሙ። ከተሞላ በኋላ ቴክስት ማድረግ አይሰራም፣ እኔ ሞክሬው 05/02/2017 የነበረው 42857 ሆኖ አረፈው፣ ያ ቁጥር ኤክሴል ቀንን ውስጡ የሚይዝበት ነው፣ ከ1900 መጀመሪያ ጀምሮ ቀን እየቆጠረ።

ለተሞላው እንዲህ አደረኩ። ጎኑ ላይ አዲስ ኮለም ከፈትኩና ኢፍ፣ ኢዝናምበር እና ቴክስት የሚሉትን ሶስት ፎርሙላዎች አንድ ላይ አያያዝኳቸው፣ ሴሉ ቁጥር ከሆነ (ቀን ለኤክሴል ቁጥር ነው) ወር ቀድሞ ቀን ተከትሎ ባለው ቅርፅ ወደ ፅሁፍ ቀይረው፣ ካልሆነ እንዳለ ተወው የሚል ነው። የቅርፁ ፊደላት ሁለት ኤም፣ ሰረዝ፣ ሁለት ዲ፣ ሰረዝ፣ አራት ዋይ ናቸው። ለምን ወር ይቀድማል ካላችሁ፣ ኤክሴል መጀመሪያ ሲያነበው ወር አስቀድሞ ስላነበበው ስናወጣውም ወር አስቀድመን ካወጣነው መጀመሪያ የተፃፈው 05/02/2017 ዜሮው ሳይጠፋ ተመልሶ ይመጣል፣ ግልባጩን ነው የገለበጥነው። ከዛ አዲሱን ኮለም ኮፒ አድርጋችሁ ፔስት ስፔሻል ውስጥ ቫልዩስ ብላችሁ እላዩ ላይ መልሱት፣ ፎርሙላው ይጠፋና ፅሁፉ ብቻ ይቀራል። 312 ቱም መጡ። እትዬ ደረሰኝ ይዘው መጥተው ወደ ሰላሳ የሚሆን ሰው አንድ በአንድ አስተያየን፣ ሁሉም ልክ ነው። በዛች ሰአት የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም።

ድብልቅ መሆኑን በአይን መለየት ከፈለጋችሁ አሰላለፉን እዩ። አሰላለፉን ማንም ካልነካው ኤክሴል ቁጥርና ቀንን ወደ ቀኝ፣ ፅሁፍን ወደ ግራ ነው የሚያስጠጋው። እኔ ኮለሙ መሀል ላይ እንዲሆን ሴንተር ተደርጎ ስለነበረ ነው ያልታየኝ፣ ያንን ሳነሳው ወዲያው ግማሹ ወደ ግራ ግማሹ ወደ ቀኝ ሄደ። የቤት ቁጥሩም በዚሁ ምክንያት ነበር የተበላሸው፣ አብዛኛው 304፣ 112 የሚል ንፁህ ቁጥር ነው፣ ጥቂቱ 304ሀ የሚል ነው፣ ፊደል ያለባቸው አንዳንዶቹ ባዶ አንዳንዶቹ 0 ሆነው መጡ። ስልክ ደሞ ኤክሴል የፊቷን ዜሮ ስለሚቆርጣት 09 የሚጀምረው በ9 ይጀምራል፣ እንደ ቁጥር ከተቀመጠ ፊልዱ ላይ \# 0000000000 ብላችሁ አስር ዜሮ ብታደርጉ ዜሮዋን ይመልሳታል፣ ግን ስልክም ቤት ቁጥርም የሚደመር ነገር አይደለም፣ ከመጀመሪያው ቴክስት ይሁኑ።

የፊደል ነገር። ከአባላቱ ውስጥ ወደ ዘጠና የሚሆኑት ስማቸው ደብዳቤው ላይ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተደባልቆ ነበር የወጣው፣ ኤክሴሉ ላይ ግን ጥርት ያለ አማርኛ ነው። የድሮው ጸሐፊ ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ አሰራር) ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት የፃፏቸው ናቸው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቨርዥን 3.0 ላይ ነው፣ ከዛ በፊት የነበሩት ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ቦታ ተውሰው እላዩ ላይ የአማርኛ ስእል የሚያስቀምጡ ነበሩ፣ ብዙ ቦታ እስካሁን ይሰራባቸዋል። መርጅ ሲደረግ ደሞ የሚሻገረው ፅሁፉ ብቻ ነው፣ ፎንቱ አይሻገርም፣ ዎርድ ላይ ፊልዱ ያለበትን ፎንት ነው የሚለብሰው። ስለዚ ስእሉ ወልቆ ስሩ ያለው እንግሊዝኛ ታየ። ለጊዜው ፊልዱን ያንኑ የድሮ ፎንት ብታለብሱት ይነበባል፣ ግን የቀሩት 220 በዩኒኮድ የተፃፉ ከሆነ አንድ ፊልድ ለሁለቱ አይሆንም። እኔ ታናሽ እህቴን ጠርቼ እሷ እያነበበች እኔ ዘጠናውንም በዩኒኮድ ፃፍኳቸው፣ አንድ ሰአት ተኩል ፈጀ፣ ግን ከዚ በኋላ ማንም አይቸገርበትም።

በነገራችን ላይ አንድ ሰው በቴሌግራም ኤክሴሉን ሲኤስቪ (በኮማ የተለያየ ተራ የፅሁፍ ፋይል) አድርገሽ ሴቭ አድርጊው ይቀላል ብሎኝ ነበር፣ ሳደርገው ስሞቹ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኑ፣ እንደዛ ከሆነ በኋላ ደሞ መመለሻ የለውም። ለአማርኛ የግድ ሲኤስቪ ካስፈለጋችሁ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ምረጡ፣ ካላስፈለጋችሁ እንዳለ ኤክሴል ይሁን። ከሁሉ በፊት ግን ዋናውን ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ እኔ እሱ ነው ያዳነኝ።

ውዝፉ ያለው አንድ ሺት ላይ፣ ብሎክና ቤት ቁጥሩ ሌላ ሺት ላይ ነበር፣ ቪሉክአፕ በሚለው ፎርሙላ በስም ላገናኛቸው ስል ስልሳ ምናምን ሰው አልገኝ አለ። አንዱ ሺት ላይ ፀጋዬ ሌላው ላይ ጸጋዬ፣ አንዱ ላይ ሠናይት ሌላው ላይ ሰናይት፣ ዓለሙና አለሙ፣ ኃይለማርያም፣ ሀይለ ማርያም። ለኛ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር የተለያየ ፊደል ነው። ሰብስቲቲዩት በሚለው ፎርሙላ ሐ ን ኀ ን ወደ ሀ፣ ሠ ን ወደ ሰ እያሉ መቀየር ይቻላል፣ ግን ሰባቱንም እያንዳንዱን ቤት ለየብቻ መቀየር ስለሚፈልግ ፎርሙላው በጣም ይረዝማል፣ ደሞ ሰው የስሙን ፊደል ይወደዋል፣ በኃ የሚፃፈውን ሰው በሀ ብትፅፉለት ቅር ይለዋል። አንድ አይነት ስምና የአባት ስም ያላቸው ሁለት ሰዎችም ነበሩ፣ ስም ቁልፍ ሊሆን አይችልም። እድሩ የአባልነት ቁጥር አለው፣ ደረሰኙ ላይ ነበረ፣ እትዬ ሁለቱም ሺት ላይ ቁጥሩን ሞሉልኝና በእሱ አገናኘኋቸው፣ አንድም ሰው አልቀረም። ስራ ከመጀመራችሁ በፊት እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቁጥር እንዳለው ጠይቁ፣ ከሌለው ስጡት።

ቅዳሜ ከሰአት ጋሼ ናሙናውን ሲያዩ «ልጄ፣ እኚህ እኮ ሴት ናቸው» አሉኝ። አቶ ይላል። ዎርድ ውስጥ ሩልስ ከሚለው ኢፍ ዜን ኤልስ አለ፣ ፆታ ሴ ከሆነ ወ/ሮ በል ካልሆነ አቶ በል ብዬ ነበር የሰራሁት። እኚህ እናት ጋ ግን «ሴ » ተብሎ ከኋላው አንዲት ባዶ ቦታ አለች፣ አትታይም፣ ዎርድ ግን ሴ እና ሴ ከነባዶው እኩል አይደሉም ይላል፣ ስለዚ አቶ አላቸው። ስፈልግ አስራ አንድ እናቶች እንደዛ ሆነዋል። ትሪም የሚለው ፎርሙላ ትርፍ ባዶ ቦታን ያጠፋል፣ አድርጉት። ግን ጋሼ አጠገቤ ቁጭ ብለው ዝርዝሩን ሲያዩ እሳቸው ቄስ ናቸው፣ እሳቸው ሐጂ፣ ይሄ ሻምበል ነው፣ እሷ አላገባችም ወ/ሪት ናት እያሉኝ ስለነበረ ኢፉን ሙሉ በሙሉ አወጣሁትና ኤክሴሉ ላይ «ማእረግ» የሚል ኮለም ከፍቼ ለእያንዳንዱ ሰው እሳቸው እንደነገሩኝ ሞላሁ። ሰውን በአግባቡ መጥራት ለፎርሙላ የሚተው ነገር አይደለም። የቀረውን ደብዳቤ በአንቱታ ስለፃፍኩት ከፈለ ከፈለች የሚል ነገር አልገባበትም፣ «የከፈሉበት፣ ያለብዎት» ለሴቱም ለወንዱም ይሆናል፣ በአማርኛ መርጅ ስትሰሩ አንቱታ ብዙ ያሳርፋችኋል።

ትንንሾቹን ቶሎ ልበል። 312 ሰው ሆኖ 339 ደብዳቤ ወጣልኝ፣ ከታች ያሉ ረድፎች ፅሁፋቸው ጠፍቶ ረድፉ ራሱ ስላልተሰረዘ ነው፣ ረድፉን መርጣችሁ በራይት ክሊክ ዲሊት በሉት፣ ወይም ኢዲት ሪሲፒየንት ሊስት ውስጥ ፊልተር ላይ ስም ባዶ ያልሆነውን ብቻ አድርጉ። ሺት ስትመርጡ ደሞ የመጀመሪያው ረድፍ ሄደር ነው የሚለው ምልክት መደረጉን እዩ፣ ከሄደሩ በላይ የእድሩ ስም በትልቁ ተፅፎ ከነበረ አጥፉት፣ ሄደሩ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ መሆን አለበት። ለፖስታው ስቲከር ስሰራ መጀመሪያ ከሁለተኛው ጀምሮ ያሉት ሴሎች ባዶ ነበሩ፣ አፕዴት ሌብልስ የሚለውን ስላልተጫንኩ ነው። እሱን ትቼ በእጅ ኮፒ ሳደርገው ደሞ አንድ ገፅ ሙሉ ያው አንድ ሰው ስም ሆነ፣ ከሁለተኛው ሴል ጀምሮ ኔክስት ሪከርድ የሚለው መኖር አለበት፣ አፕዴት ሌብልስ ራሱ ነው የሚያስገባው።

ስትጨርሱ ቀጥታ ፕሪንት አትበሉት። ፊኒሽ ኤንድ መርጅ ውስጥ ኢዲት ኢንዲቪጁዋል ዶክመንትስ የሚለውን ምረጡ፣ 312 ቱ ደብዳቤ እንደ አንድ ረጅም ፋይል ይወጣል፣ ሴቭ አድርጉትና እሱን አገላብጡ። እኔ «ብር» የሚለውን ቃል በፈላጊው እየፈለኩ ከፊቱ ባዶ የሆነ ካለ አየሁ፣ ከዛ በየሃያው አንድ ደብዳቤ እየያዝኩ ከእትዬ መዝገብ ጋር አስተያየሁ፣ ትልልቅ ውዝፍ ያለባቸውን አስራ አምስት ሰዎች ግን ሁሉንም። ፕሪንቱን ሃምሳ ሃምሳ እያደረኩ ነው ያወጣሁት፣ ማታ አራት ሰአት ላይ መብራት ሲሄድ 150 ላይ ነበርኩ፣ ሲመለስ ከ151 ቀጠልኩ፣ በአንዴ ልኬው ቢሆን የት እንደቆመ አላውቅም ነበር።

እሁድ ጠዋት ጋሼና ሁለት ልጆች በካርቶን ወሰዱት። ሶስት ሰው ነው ጥያቄ ይዞ የመጣው፣ ሁለቱ ደረሰኛቸው መዝገቡ ላይ ሳይገባ የቀረ ነው፣ አንደኛዋ የቤት ቁጥሯ ተቀይሯል። ከደብዳቤው የመጣ ስህተት አልተገኘም። ፍላሹን ስመልስላቸው የቀን፣ የስልክና የቤት ቁጥር ኮለሞቹን ቴክስት አድርጌ፣ የአባልነት ቁጥሩን መጀመሪያ ላይ አስቀምጬ፣ ዋናውን ፋይል ሳይነካ በሌላ ፎልደር አድርጌ ነው የሰጠኋቸው። እትዬ የሀምሌን ክፍያ ሲሞሉ ደወሉልኝና «01/11/2017 ብዬ ስፅፍ ወደ ግራ ተጠጋ፣ ልክ ነው?» አሉኝ። ልክ ነው አልኳቸው።